ላኬሩ ለምን ነጣ? አንድ የስፖኪዮ ሽፋን ያስነሳው ክርክር

ክሩ፣ ማለትም በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተነሳው ጥያቄና የተከታተሉት ምላሾች፣ የተከፈተው በነሐሴ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ውስጥ ብርማ ቪትዝ ይነዳል። ባጃጅ የግራ ስፖኪዮውን ጫር አድርጎት ሄዷል። መስታወቱ ተርፏል፣ ሽፋኑ ግን ተልጧል። ጋራዥ የጠሩለት ዋጋ አልተዋጠለትም። ስለዚህ አንድ ጣሳ የሚረጭ የብር ቀለም፣ አንድ ጣሳ ላኬር (ቀለሙ ላይ የሚለበስ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ገዝቶ እቤቱ ራሱ ረጨው። ቀለሙ ደህና ያዘ። ከላይ የሚመጣው ላኬር ግን ገና ሳይደርቅ ነጥቶ ወተት መሰለ። ሲነካም ይሻክራል።

የክሩ ርዕስ ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ክስ ነው። የተሸጠለት ላኬር ፎርጅድ እንደሆነ እርግጠኛ ነበር። ኦሪጅናሉ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁመው ነው የለመነው።

2ኛው ምላሽ ወዲያው ተስማማ። ገበያው በፎርጅድ እንደተሞላና የጣሳ ቀለም መግዛት ብር መጣል እንደሆነ ጽፎ ሄደ። 3ኛውም ያንኑ ደገመ። አታለለኝ ያለውን ሱቅም በስም ጠራው፤ አወያዩ ስሙን አጠፋው። እስከዚህ ድረስ ክሩ ወደ ሐሜት እየሄደ ነበር።

ያዳነው 4ኛው ሰው ነው። መልስ አልሰጠም፤ ጠየቀ። ስንት ሰዓት ላይ እንደተረጨ፣ ውጭው ምን ይመስል እንደነበር፣ አንዱን ዙር ረጭቶ ሌላውን እስኪደግም ምን ያህል እንደጠበቀ፣ ሽፋኑ በምን እንደታሸና በምን እንደተጠረገ። እንዲህ ያለ ሰው በየመድረኩ ቢያንስ አንድ ቢኖር ብዙ ክርክር ይቀር ነበር።

ባለ ቪትዙ በ5ኛው ምላሽ ምንም ሳይደብቅ ዘረገፈው። ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ነው የረጨው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። አቧራ እንዳይገባ ብሎ ሰርቪስ ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ ነው። ያሸው እቤት በተገኘው ቁጥር 220 የብርጭቆ ወረቀት ነው። የጠረገው በቤንዚን ነው። በየመሀሉ የጠበቀው ደግሞ አንድ ሲጋራ አጭሶ እስኪጨርስ ነው። ክሩ ከዚህ በኋላ የተነታረከባቸው ነገሮች በሙሉ እዚህ አንቀጽ ውስጥ አሉ ማለት ይቻላል።

6ኛው ምላሽ የአንድ የጋራዥ ሰው ነው። ዕድሜያቸውን ቀለም ቤት እንዳሳለፉ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሌሎቹም ጋሼ ነው የሚሏቸው። ላኬሩን ሳያዩ ፎርጅድ ነው ወይም አይደለም ማለት እንደማይችሉ አስቀድመው ተናገሩ። ነገር ግን በዚያ ሰዓትና በዚያ ክፍል የትኛውም ላኬር ይነጣል አሉ። ምክንያቱን ሲያስረዱ አልቸኮሉም። ላኬር ሲረጭ ውስጡ ያለው ቲነር (ማቅጠኛው ፈሳሽ) ቶሎ ይተናል። ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የተቀባው ዕቃ ፊት በዙሪያው ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። አየሩ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ደግሞ እርጥበቱ ቀዝቃዛው ፊት ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ላኬሩ ገና እርጥብ ነው፣ ጤዛውን ይዞት ይደርቃል። ነጩ ነገር እሱ ነው። ቲነሩ በፈጠነ ቁጥር ቅዝቃዜው ይብሳል። በሩን መዝጋቱ አቧራ ሳይሆን እርጥበት ነው ያቆየለት።

የሚድንበት መንገድም አለ። ፀሐይ የወጣበት ቀን ጠብቆ፣ የፀጉር ማድረቂያ ራቅ አድርጎ ይዞ ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው። አንዳንዴ ነጩ በዚያው ይለቃል። ካልለቀቀ፣ በደረቅ ቀን በጣም ስስ አድርጎ ላኬር ደግሞ መርጨት ነው። አዲሱ ቲነር የታችኛውን በጥቂቱ ያላላውና የታመቀው እርጥበት መውጫ ያገኛል። ጋራዦች ለዚህ ሲሉ ክረምት ላይ ዘገምተኛ ቲነር ይቀላቅላሉ፤ የጣሳ ላኬር ግን አንዴ ተቀላቅሎ የታሸገ ስለሆነ ይህን ዕድል አይሰጥም። በክረምት መርጨት ግድ ከሆነ ረፋዱ ይሻላል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ መሬቱ ደርቆ ደመናው ሳይሰበሰብ።

ባለ ቪትዙ አመሰገነ እንጂ አልተዋጠለትም። 8ኛው ላይ ተመልሶ ጣሳው ከሌላው በግማሽ ይረክስ እንደነበር አነሳ። አንዱ ርካሽ ሁሉ ፎርጅድ እንዳልሆነ፣ ውድ ሁሉም ኦሪጅናል እንዳልሆነ መለሰለት። እዚያው ቆመ።

9ኛው ምላሽ ከዱባይ ነው። የእሱ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ላኬሩ ዕቃው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል። የሚያርፈው ጠብታ ሳይሆን ዱቄት ነው። ዱቄቱ አንዱ ከሌላው ጋር አይዋሃድም፤ ፊቱ ፈዞ ይሻክራል። ስለዚህ ባለ ቪትዙ ያማረረበት ሻካራነት የእርጥበት ብቻ ላይሆን ይችላል ሲል ጠረጠረ። ጣሳውን በጣም አርቆ ይዞትም ይሆናል። ይህ ጋሼም ያላነሱት ጥሩ ነጥብ ነው። ከዚያ ግን ወደ ሌላ ወሬ ገባ፦ መኪና ውስጥ ረስቶት ፀሐይ ላይ ስለፈነዳበት ጣሳ። ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ የሚለው ማስጠንቀቂያ ጀርባው ላይ ተጽፎ ነበር። ጣሪያው ላይ የተረጨው ጥቁር ነጠብጣብ እስካሁን አልለቀቀም አሉ።

ሜሪላንድ የሚኖር ሰው በ10ኛው ምላሽ የብርዱን ታሪክ ጨመረ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጣሳው ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ጭጋግ አድርጎ መርጨቱ ይቀርና ይተፋል፤ የተፋው ደግሞ ይወርዳል። እሱ ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል። የሚቀባውንም ዕቃ ሳሎን ያሳድረዋል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ግን መኪና ማቆሚያውን በጋዝ ማሞቂያ እንደሚያሞቀው ጻፈ።

የክሩ ድምፅ እዚህ ላይ ተለወጠ። 11ኛው ምላሽ ስድብ ቀረሽ ነው። የቲነር ተን ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል እየተሳበ እሳት ይፈልጋል። አሜሪካ ቤቶች ውስጥ መኪና ማቆሚያው ጥግ የሚቀመጠው የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ውስጥ ያለችው ትንሽ ነበልባል ብቻዋን ትበቃዋለች። ጣሳውን የሚገፋው ጋዝም ራሱ ተቀጣጣይ ነው። ጸሐፊው በዚያው የባለ ቪትዙን ሲጋራም አነሳ፤ በተዘጋ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ቤንዚን፣ ቲነርና ሲጋራ አንድ ላይ ይዞ መትረፉን ከዕድል ቆጠረለት። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ እውነቱ ግን ከእሱ ጋር ነው። የሜሪላንዱ በሩን ክፍት አድርጎ እንደሚረጭ ሊከራከር ሞከረ። ሁለት ሰዎች ተነሱበትና ተወው።

ከ13 እስከ 17 ያለው ስለ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ለማያውቅ ሰው አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የክሩ ዋና ሥጋ እዚህ ነው። አንዱ ቁጥር 320 ላይ ማቆም እንደሚበቃ፣ ቀሪውን ጭረት ቀለሙ እንደሚሞላው ተናገረ። ጋሼ አልተቀበሉትም። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል፤ 320 ወይም 400 ለፕራይመር (ከቀለም በፊት ለሚረጨው ሽፋን) ማሻ ነው። ቀለም ከመረጨቱ በፊት ግን በውሃ 600፣ ቢቻል 800 ድረስ መሄድ አለበት። በተለይ ብርማ ከሆነ። ብርማ ቀለም ውስጥ ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅንጣት አለ። ቅንጣቱ ጭረቱን ተከትሎ ይተኛል፣ የ220ን መስመር አንድ በአንድ አውጥቶ ያሳያል። ላኬሩ ሲመጣ ደግሞ ይደብቀዋል ተብሎ ይጠበቃል፤ እሱ ግን ያጎላዋል። ላኬር ጠማማውን አያቃናም። ከሥሩ ያለውን ነገር በብርሃን ያወጣዋል።

አንድ ሌላ ሰው በቅንነት ብርማውን ራሱን ከደረቀ በኋላ በ1000 አሽቶ ላኬር እንደሚረጭበት ተናገረ። ይህን ሁሉም ተረባረቡበት። ብርማ ቀለም ከታሸ ቅንጣቶቹ ይቆረጣሉ፣ ጥቁር ጥቁር ጠባሳ ይወጣበታል። አቧራ ገብቶበት ግድ ቢሆን እንኳ አሽቶ ከላይ እንደገና ስስ ቀለም መርጨት ነው እንጂ እንዲሁ ላኬር አይለበስም። ሰውየው መኪናው አሁን ድረስ ደህና መሆኑን ነገራቸው። አንዱ ፎቶ ጠየቀው። ፎቶ አልመጣም።

ስለ ቤንዚኑ የተነሳው ጭቅጭቅ ደግሞ ከተጠበቀው በላይ ሞቀ። ብዙ ሰው ለካ በቤንዚን ነው የሚጠርገው! ሦስት ሰዎች ለዓመታት እንደሠሩበት መሰከሩ። ጋሼ በ19ኛው ምላሽ ቤንዚን ቅባት እንደሚያነሳ አመኑ። ነገር ግን ሲተን የራሱን ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል። መጀመሪያ በላርጎና በውሃ በደንብ ታጥቦ ይደርቅ፤ ከዚያ አልኮል በነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ አልኮሉ በራሱ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይነሳ። አንዱ ጨርቅ ቅባቱን ያላቅቃል፣ ሌላው ይወስዳል። በአንድ ጨርቅ ማመላለስ ቅባቱን ቦታ ማቀያየር ነው።

ከዚያ የሲሊኮን ታሪኮች መጡ፤ በዚህ ክር ያሳቀኝ ክፍል ይህ ነው። የአንዱ ላኬር ፊቱ ላይ ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች አወጣ። ቲነር ቀየረ፣ ጣሳ ቀየረ፣ ያው ነው። በመጨረሻ የተደረሰበት ወንድሙ እዚያው ግቢ የመኪናውን ጎማ በማብሪያ ስፕሬይ ሲያብስ እንደነበር ነው። ማብሪያው ውስጥ ያለው ሲሊኮን በአየር ተጉዞ መጥቶ ነው ያረፈበት። ሌላው ደግሞ እጁን ቫዝሊን ተቀብቶ ዕቃውን አንስቶ አስተካክሎታል። ላኬሩ ሲረጭ የአራት ጣቱ አሻራ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ዳሽቦርድ የሚጠረግበት የሚያብረቀርቅ ስፕሬይም ከእነዚህ ወገን ነው። ጓንት አድርጉ የተባለው ለጤና ብቻ አይደለም።

21ኛው ምላሽ አጭር ነበር፤ ወለሉን ውሃ አርከፍክፉ፣ አቧራ አይነሳም ይላል። 22ኛው ወዲያው ተቃወመ፦ እርጥበት ነው ችግሩ እየተባለ ውሃ ማርከፍከፍ ምን ማለት ነው? ሁለቱም ልክ ናቸው። በጥቅምትና በኅዳር፣ ደረቅ ንፋስ አቧራ በሚያነሳበት ጊዜ፣ ወለል ማርጠብ የታወቀ ዘዴ ነው። በነሐሴ ግን የሚያስፈልገው አቧራ ሳይነሳ ጠርጎ አየር ማስገባት ነው። በዚህ መሀል አንዱ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አስታወሰ። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ቲነር ቶሎ ይተናል፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ እንደ ሕግ አትያዙት አለ። ማንም ያልመለሰለት ጥሩ ነገር ነው።

አረጫጨቱን በቅጡ የጻፈው 23ኛው ነው፤ ወጣት ይመስላል፣ የሞተር ሳይክል ታንክ እየቀባ እንደሚሸጥ ይናገራል። የስፖኪዮ ሽፋኑን መሬት ላይ አታስቀምጠው ብሎ ጀመረ። ሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተህ፣ ክዳኑ ላይ ሽፋኑን ከውስጥ በኩል በፕላስተር አጣብቀው። ጠርሙሱን እያዞርክ ትረጫለህ፣ ሽፋኑን አትነካውም። ጣሳውን ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ናጠው። ርቀቱ አንድ ስንዝር ነው። ጣትህን መጫን የምትጀምረው ከዕቃው ውጭ ነው፣ የምትለቀውም ካለፍከው በኋላ። ዕቃው ላይ ጀምረህ ዕቃው ላይ ካቆምክ ሁለቱ ጫፎች ላይ ይከማቻል። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። በየመሀሉ የጣሳውን አፍ ጥረገው፤ እዚያ የምትሰበሰበው ጠብታ ነች ሥራውን የምታበላሸው።

የመጀመሪያው ዙር ጭጋግ ብቻ ይሁን፣ መሸፈኑን አትጠብቅ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተህ ሁለተኛውን ትንሽ ወፈር አድርገው። እዚህ ላይ ዓይንህ ዕቃው ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ በሚታየው መብራት ላይ ይሁን። ጎንበስ ብለህ ከጎን እየው። ላኬሩ ሲያንስ የአምፖሉ ምስል ፍርክስክስ ያለ ነው። አንድ መስመር ስትጨምርበት ጫፉ መሰብሰብ ይጀምራል። ምስሉ ጥርት ሲል እጅህን አንሳ። ከዚያ በኋላ የምትጨምረው ሁሉ ይፈሳል። የጣሳው መጨረሻ ሩብ ላይ ስትደርስም ላኬሩ መትፋት ስለሚጀምር ለመጨረሻው ዙር አዲስ ጣሳ ያዝ። እንዲህ ያለ ነገር ከሠራ ሰው በቀር ማንም አይጽፈውም። በክሩ ውስጥ ብዙ ምስጋና ያገኘውም ይሄ ምላሽ ነው።

ጠቡ የተነሳው 24ኛው ላይ ነው። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ተራ የጣሳ ላኬር ውሃ ነው፤ ቤንዚን ጠብ ቢልበት ይቀልጣል፣ ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል። ከታቹ ቁልፍ ያለው፣ ሲጫኑት ማጠንከሪያው ውስጥ ገብቶ የሚቀላቀለው ባለሁለት ክፍል ላኬር እያለ በተራው ማን ይለፋል? ውጪ አገር ያላችሁ ላኩልን ብሎ ጨመረ።

ስለ ጥንካሬው ያለው ትክክል ነው። ባለሁለት ክፍሉ ሲደርቅ በኬሚካል ተሳስሮ ነው፣ ቲነር ስለተነነ ብቻ አይደለም። ለዚህም ነው ቤንዚን የማይበግረው። አንዴ ቁልፉ ከተጫነ ግን አይመለስም፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጣሳው ውስጥ እንዳለ ይጠነክራል።

ጋሼ ግን እስከዚያች ሰዓት ያልታየባቸውን ቁጣ አወጡ። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ነው። ሳንባ አንዴ ከተቆጣው በኋላ ጥቂቱም አስም ያስነሳል። አብሯቸው የሠራ ሰው ዛሬ ቀለም ቤት ደጃፍ ላይ መቆም አይችልም። ጋራዥ ውስጥ በቱቦ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭንብል የሚደረገው ለዚህ ነው። የጨርቅ ማስክ ምንም አያቆምም። ባለ ከሰሉ ጭንብል ደግሞ መቼ እንደሞላ አያስታውቅም፤ ምክንያቱም ይህ ነገር በማሽተት አይለይም፣ አፍንጫ ሳያውቀው ሳንባ ይገባል። ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ማዶ የጎረቤት ልጅ ተኝቶ፣ ለአንድ ስፖኪዮ ብሎ ይህን መርጨት እብደት ነው አሉ።

26ኛው አሾፈ። አባቶቻችን መሃረብ አፋቸው ላይ አስረው ስንት መኪና ቀብተዋል አለ። ጋሼ የዛሬው ማጠንከሪያ ያኔ በየመንደሩ እንዳልነበረና መሃረብ ካሰሩት መካከልም ስንቱ እያሳለ እንደሞተ እንደሚያውቁ መለሱ። 27ኛው ጋሼን የጋራዥ ገበያቸው እንዳይቀርባቸው የሚያስፈራሩ አድርጎ ሣላቸው። ይሄ ነውር ነው። ሰውየው ከ6ኛው ምላሽ ጀምሮ ለማያውቁት ሰው በነጻ ሲያስተምሩ ነው የዋሉት። አወያዩ ገብቶ ሁለት ጽሑፎች አነሳ። ባለ 24ኛው ለፈረንጅ አገር ሰዎች ነው ያልኩት ብሎ ሸሸ፤ የሜሪላንዱ ደግሞ የእነሱም ሳንባ ሳንባ መሆኑን ነገረው።

እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። ለስፖኪዮ ሽፋን ተራው ላኬር ይበቃል፤ እዚያ ቤንዚን አይደርስም። ለነዳጅ መሙያው ክዳን ግን አይበቃም፤ እሱን ለባለሙያ መስጠት ነው።

ከጠብ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ተንሸራሸረ። ስለ ባጃጅ ነጂዎች ምሬት መጣ። ሶማሌ ተራ ወርዶ ያው ቀለም ያለው ያገለገለ ሽፋን መፈለግ ከዚህ ሁሉ እንደሚቀል አንዱ ጠቆመ፤ እውነቱን ለመናገር ለአብዛኛው ሰው ምርጡ ምክር ይሄ ነበር፣ ግን መቀባት የፈለገ ሰው አይሰማም። አንድ ታሪክ ወዳድ ደግሞ ወደ ኋላ ወሰደን። ድሮ የመኪና ቀለም በብሩሽ ተቀብቶ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በፈረንጆቹ 1923 የኬሚካል ኩባንያው ዱፖንና ጄኔራል ሞተርስ ዱኮ የተባለውን ናይትሮሴሉሎስ ላኬር ኦክላንድ በሚባሉት መኪኖች ላይ ሲያወጡ ሥራው ወደ ሰዓታት ወረደ። ቶሎ መድረቁ ነበር ትልቁ ጥቅሙ። ዛሬ ነሐሴ ላይ የሚያነጣውም ያው ቶሎ መድረቁ ነው።

31ኛው ላይ ነጭ ኮሮላ ያለው ሰው ለኮፈኑ ምን ዓይነት ላኬር እንደሚሻል ጠየቀ። ባለ ታንኩ ወጣት የቀለሙን ኮድ ጠየቀው። በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ ያለችው ሰሌዳ 040 ትላለች። በቃ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ላኬር የለውም ተባለ። ቶዮታ ይህን ነጭ ለረጅም ጊዜ የሠራው ያለ ላኬር፣ ቀለሙ ራሱ እንዲያበራ አድርጎ ነው። ባለ ኮሮላው አላመነም፤ ከተማ ውስጥ የቀባለት ጋራዥ ላኬር እንዳለበሰው ያውቃል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ትንሽ ኮምፓውንድ (ቀለም ማሻ ቅባት) አድርጎ አንድ ጥግ ማሸት ነው። ጨርቁ ላይ የመኪናው ነጭ ከወጣ ላኬር የለም። የኮምፓውንዱ የራሱ ቀለም እንዳያሳስት ግን ነጭ ያልሆነ ኮምፓውንድ ይሁን። ይህን የመጨረሻዋን ማስታወሻ የጨመረው ያ 4ኛው ሰው ነው። የባለ ቪትዙ ብርማ፣ ኮዱ 1ኤፍ7፣ ግን ሌላ ነው፤ ብርማ ያለ ላኬር አይሆንም፣ ቅንጣቱ ለፀሐይና ለዝናብ ይጋለጥና ይፈዛል።

ባለ ቪትዙ በ33ኛው ምላሽ ተመለሰ። የነጣው በማሞቅ አልለቀቀለትም፤ ስለዚህ ሁሉንም አውርዶ በ600 አሽቶ፣ በላርጎ አጥቦ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ ፀሐይ በወጣበት ረፋድ በረንዳ ላይ ደግሞ ረጨው። አልነጣም። አሁን ግን ፊቱ ጥርት ብሎ አይተኛም፤ ቀለም ቀቢዎች የብርቱካን ልጣጭ የሚሉት ወጥቶበታል። ማታውኑ በፖሊሽ ሊያወጣው ተነሳ። አራት ሰው ተረባርቦ አስቆመው። ተራ ላኬር ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ገና ለስላሳ ነው። ያኔ ቢታሽ ያበራል፤ በኋላ ቀሪው ቲነር ሲወጣ ይሰምጥና ይፈዛል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ ተባለ።

ሲደርስስ? በውሃ ቁጥር 1500፣ ላርጎ ጠብ አድርጎ፣ ወረቀቱን ለስላሳ ላስቲክ ላይ ጠቅልሎ። ጥቂት አሽቶ ማድረቅና ማየት። የታሸው ይፈዛል፤ እዚያም እዚያም የሚያበሩ ነጥቦች ይቀራሉ። የሚያበሩት ወረቀቱ ያልደረሰባቸው ዝቅ ያሉት ቦታዎች ናቸው። እነሱ ጠፍተው ሁሉም እኩል ሲፈዝ መቆም ነው። ከዚያ 2000፣ ከዚያ 3000፣ ከዚያ ኮምፓውንድ። ጠርዞቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍናቸው፤ ላኬር ጠርዝ ላይ ስስ ነው፣ ሁለት ጊዜ ቢታሽ ቀለሙ ይወጣል።

ተከታዩ ፎቶ ሲመጣ ላኬሩ አምሮ ነበር። አንዱ ግን ቀለሙ ከበሩ ነጣ እንደሚል ሳያለሳልስ ተናገረ። ክፉ ነው እንጂ አልዋሸም። ብርማ ቀለም ደረቅ ተደርጎ ሲረጭ ይነጣል፣ እርጥብ ሲሆን ይጠቁራል። ከዚያ ላይ የመኪናው የድሮ ቀለም ከዓመታት ፀሐይ በኋላ ያው አይደለም። ባለ ቪትዙ ከሁለት እርምጃ ርቀት ማንም እንደማያየው መለሰና ጋሼን እግዜር ይስጥልኝ አላቸው።

እዚያ ያልቃል ሲባል 36ኛው መጣ። የባምፐሩ ቀለምና ላኬር እንደ ላስቲክ እየተላጠ ነው። ጋሼ ከባምፐሩ ጀርባ ያለውን ምልክት እንዲያይ ነገሩት። ፒፒ የሚል ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ መጀመሪያ የፕላስቲክ ፕራይመር ካልተረጨበት ምንም አይይዘውም። የስፖኪዮ ሽፋን ብዙ ጊዜ ኤቢኤስ የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ስለሆነ ይህን ችግር አያመጣም። 38ኛው ምልክቱ ከጠፋ ከጀርባው ትንሽ ቆርጦ ውሃ ውስጥ መጣል እንደሚቻል አከለ። ፒፒ ይንሳፈፋል፣ ኤቢኤስ ይሰምጣል። 39ኛው አረመው። ለባምፐር የሚሠራው ፒፒ ብዙ ጊዜ ማዕድን ይደባለቅበታልና ሊሰምጥም ይችላል። የተንሳፈፈውን ፒፒ ነው ማለት ይቻላል፤ የሰመጠውን ግን አይደለም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከተጠራጠርክ ፕራይመሩን ርጭ፤ ኤቢኤስም ላይ ቢሆን አይጎዳም። ባለ ባምፐሩ የፕራይመሩን ዋጋ ጠየቀ። እያንዳንዱ ሰው የየከተማውን ዋጋ መጻፍ ጀመረ።